የስብሐት ጥሩምባ እና የጎማው ግንብ

ጋሽ ስብሐትን ቁርስ ሳይበላ ማየት የሚፈልግ ሰው ገደል ግርጌ ሰፈር ውስጥ አይገኝም። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። እንዲያውም ከቀጨኔ እስከ ዊንጌት ቢፈለግ እንደሱ ሳቂታ፣ እንደሱ ሰላምታ የሚያበዛ ሰው በመከራ ነው የሚገኘው። ጥፋቱ የጥሩምባዋ ነው። ስብሐት የሰፈሩ እድር ጥሩምባ ነፊ ነው። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ይነሳና በየቅያሱ እየዞረ አንዴ ረጅም አድርጎ ይነፋል፤ ከዚያ የሟቹን ስም ይጠራል፤ ከዚያ የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲያደርግ ስለኖረ፣ አሁን አሁን ዳቦ ሊገዛ ብቅ ሲል እንኳ በር ላይ የቆመ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እጁን፣ ቀጥሎ ብብቱን ያያል። ባዶ ከሆነ "ኡፍ!" ይላል። "እንደምን አደርክ ጋሼ?" የሚመጣው ከኡፍታው በኋላ ነው።

"ዛሬ ማንን ይዘህ መጣህ?" ይለዋል ባለሱቁ ቡሽራ፣ ገና የሱቁን መስኮት ሳይከፍት በቀዳዳው አጮልቆ።

"ዛሬ ማንንም። ሦስት ዳቦ ስጠኝ።"

"አልሐምዱሊላህ! እንካ፣ ቶሎ እለፍ። ደንበኛ አታስደንግጥብኝ።"

ጥሩምባው የክብር ሥራ ነው እንጂ የስብሐት እንጀራ አይደለም። እንጀራው ጎሚስታነት ነው። ዊንጌት አካባቢ፣ ከታክሲ ማቆሚያው ፈቅ ብሎ፣ በአራት ቋሚና በሁለት ቆርቆሮ የተሠራች ዳስ አለችው። እዚያ ሆኖ የተነፈሰ ጎማ ይቀበላል፤ በብረት ይፈለቅቃል፤ የውስጡን ላስቲክ፣ ከመነዳሪውን፣ አውጥቶ ውሃ የሞላ ገንዳ ውስጥ ይነክራል፤ አረፋ ያወጣችበትን ቦታ በጠመኔ ያከብና ይለጥፋል። ኮምፕረሰሩ ሲበላሽበት ጎማ በአፉ ሲነፋ አይተናል የሚሉ ሰዎች አሉ። ውሸት ነው፤ የሞላው የብስክሌት ጎማ ብቻ ነው። ይሁንና ሳንባው እንዲህ ያለ ስም ስላወጣ፣ የቀድሞው ጥሩምባ ነፊ የሞቱ ዕለት፣ እድርተኛው በሙሉ ሚስማር ላይ የተሰቀለችውን ጥሩምባ እያየ "የለፋፊውን ሞት ማን ይለፍፍ?" ብሎ ሲጨነቅ፣ ዓይን ሁሉ እሱ ላይ አረፈ። ስብሐት አወረዳት፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረጋት፣ ነፋት። ያን ዕለት ከሰፈሩ ከወጡት ውሾች ሁለቱ እስካሁን አልተመለሱም።

ባለቤቱ ጽጌረዳ ያኔ የሦስት ወር ሙሽራ ነበረች። "እኔ ያገባሁት ጎሚስታ ነው፤ መርዶ ነጋሪ አላገባሁም" ብላ አንድ ሳምንት አኩርፋዋለች። በስምንተኛው ቀን አጎቷ ሞቱ። ስብሐት ነፋ። እንዴት አድርጎ እንደነፋ ዘመዶቿ እስከዛሬ ያወራሉ። ጽጌረዳም ታረቀች።

አሁን ወደ ግንቡ እንምጣ፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ነው።

ገደል ግርጌ ሰፈር ስሙ እንደሚነግረን ከአንድ ቀይ አፈር ተዳፋት ሥር ተወሽቋል። ከዓመታት በፊት በአንድ ነሐሴ ጎርፍ ከላይ መጣና የሰፈሩን የጋራ ሽንት ቤት ከነበሩ ከነቁልፉ ይዞት ወደ ወንዝ ወረደ። ደግነቱ ውስጡ ሰው አልነበረም፤ ቡሽራ ግን ሊገባ ወረፋ ይዞ ነበርና ዛሬም ድረስ ሲያወራው ላብ ያጠምቀዋል። ያን ጊዜ ነው ስብሐት "ግንብ እሠራላችኋለሁ" ብሎ የተነሳው። ከዳሱ ጀርባ የተከመሩ አሮጌ ጎማዎች ነበሩት። ከሌሎች ጎሚስታዎችም ለመነ። በጠቅላላው ሦስት መቶ ጎማ፤ ከሥር የከባድ መኪና፣ መሐል ላይ የአይሱዙ፣ ከላይ የታክሲ፤ እያንዳንዱ ሆዱ በአፈር ተጠቅጥቆ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እንደ ደረጃ ተደርድሮ። ሲያልቅ ሰፈሩ አጨበጨበ። ስብሐትም "ይህ ለልጅ ልጅ ይተርፋል!" ብሎ በሕዝብ ፊት ተናገረ። ወይ ይህቺ ንግግር! በኋላ ምን እንዳመጣችበት እናያለን።

ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወስዶ ያሳያል። "ይቺ የውሃ ቦቴ ጎማ ናት፤ ኮረት ቀዷት የመጣች። ይቺን የታክሲ ጎማ አራት ጊዜ ለጥፌያታለሁ፤ አምስተኛው ላይ እምቢ አለች።" ሰው የልጆቹን ፎቶ እንደሚያሳየው።

ከግንቡ ሥር ሰባት ቤትና የእድሩ ዕቃ ቤት አሉ። ከሁሉም ለግንቡ የሚቀርበው የእማማ ብርነሽ ቤት ነው፤ የጓሮ ግድግዳቸው ጎማዎቹን ተደግፏል ማለት ይቻላል። እማማ ብርነሽ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጥጥ ሲፈትሉ የኖሩ፣ ዛሬም እንዝርታቸው ከእጃቸው የማይለይ፣ ምላሳቸው ደግሞ ከእንዝርቱ የሚፈጥን ሴት ናቸው። ልጅ የላቸውም፤ ሰፈሩ ልጃቸው ነው፤ ሰፈሩንም እንደ ልጅ ነው የሚቆጡት።

ሐምሌ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ስብሐት በደጃቸው ሲያልፍ ጠሩት።

"አንተ ስብሐት! ና እስቲ ይህን በር ግፋልኝ። ያ አናጢ ቢኒያም አታሎኛል። በጋውን እንደ ቅቤ ሲከፈት የነበረ በር አሁን በትከሻዬ ካልሆነ እምቢ አለኝ።"

ስብሐት በሩን ገፋ። በሩ ደህና ነው። የተጣመመው መቃኑ ነው። ወደ ላይ አየ፤ ወደ ታች አየ። መቃኑ ብቻ አይደለም፣ ግድግዳውም ሰካራም ይመስል ወደ አንድ ወገን ዘመም ብሏል።

"እማማ፣ ቢኒያምን አይርገሙት፤ በሩ አይደለም።"

"ታዲያ ምንድነው?"

"ልየውና እነግርዎታለሁ።"

ዞሮ ተዳፋቱ አናት ላይ ወጣ። ሣሩ መሐል አንዲት ስንጥቅ አገኘ፤ ከእድሩ ዕቃ ቤት በላይ ጀምራ እስከ እማማ ብርነሽ ቤት ጫፍ ድረስ የምትሄድ፣ ቀጭን፣ እንደ ክር። ስብሐት እንደ ልማዱ ጠመኔ ከኪሱ አውጥቶ ሊያከብባት ጎንበስ አለና በጭቃ ላይ ጠመኔ እንደማይሠራ ትዝ አለው። ስለዚህ ከስንጥቋ ወዲህ አንድ፣ ወዲያ አንድ ችካል ተከለ። ሰኞ በመሐላቸው አንድ ጣት ይገባ ነበር። ረቡዕ ሁለት። አርብ አራቱም ጣቶቹ ገቡና አውራ ጣቱ ብቻ ውጭ ቀረች።

ወደ ግንቡ ወርዶ በጎን አየው። ሆዱን ገፍቷል። በየጎማው መሐል ቀድሞ ኩል የመሰለ ውሃ ነበር የሚንጠባጠበው፤ አሁን ቢጫ ጭቃ እየተፋ ነው። ስብሐት ሠላሳ ዓመት በጎማ ላይ ኖሯል፤ ጎማ ከመፈንዳቱ በፊት ምን እንደሚመስል ማንም አይነግረውም። ቆሞ ግንቡን በመዳፉ ነካው። ውጋቱ የተሰማው ግን እሱ ጎን ላይ ነው።

እዚህ ላይ ሰውየውን ማመስገን ይገባናል፤ አልደበቀም። በበነጋው ባለሙያ ፈልጎ አመጣ። ኢንጂነር ኦልያድ የሚባል፣ የጎማ ቦት ጫማ ያደረገ ወጣት ነው። ወጣ፣ ወረደ፣ ስንጥቋን አየ፣ ችካሎቹን አይቶ "እነዚህን ማን ተከላቸው? ጎበዝ ሰው ነው" አለ። ስብሐት ደስ አለው። ቀጥሎ ኢንጂነሩ ግንቡን አየ።

"ይሄስ ምንድነው?"

"ግንብ ነዋ!"

"ጋሼ፣ ይሄ ግንብ አይደለም፤ የጎማ ክምር ነው። ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ እንኳ የለውም። ከኋላው ተጠራቅሞ እየገፋው ነው።"

ስብሐት ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም።

ኢንጂነሩ ክረምቱ እስኪወጣ ሰባቱም ቤቶች መልቀቅ እንዳለባቸው ተናገረና እንዳይረሱ በየግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረገ። መልካም አሰበ፤ ግን አዲስ አበባ ውስጥ ግድግዳ ላይ ቀይ ቀለም ሲታይ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ቤቱ ሊፈርስ ነው። እሱ እንደሄደ ባልዲና ብሩሽ ወጣ። ሰባቱም ቤቶች ለፋሲካ እንኳ ታጥበው በማያውቁት አስተጣጠብ ታጠቡ። የእማማ ብርነሽ አልለቅ ስላለ ጋቢያቸውን ሰቀሉበት። በማግስቱ ኢንጂነሩ ወረቀት ይዞ ተመልሶ ሲመጣ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ "ምልክት የተደረገበት ቤት? እዚህ? ተሳስተው ይሆናል፣ ላይኛው ቅያስ ይጠይቁ!" አለው።

የቀረው ተስፋ የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ቶማስ ነበሩ። አቶ ቶማስ ዕድሜ ልካቸውን መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ቁጥር ያልተሰጠው ነገር በዓለም ላይ የለም ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው።

"ግንቡ ሊሄድ ነው ጋሽ ቶማስ። ሰዉን እናውጣ።"

"በአጀንዳ ይያዝልህ።"

"መቼ ይታያል?"

"የዛሬ ሁለት እሁድ።"

"ተዳፋቱ እሁድን የሚጠብቅ አይመስለኝም።"

"ተዳፋቱ የእድር አባል አይደለም" አሉ አቶ ቶማስ፣ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ የወረደው ዝናብ ካፊያ ሲሆን፣ ስብሐት ወደ ችካሎቹ ወጣ። አንደኛው ችካል የለም። ሌላኛው ተንጋዷል። በመሐላቸው አንድ ስንዝር ተኩል ተከፍቷል፤ ውስጡ ጨለማ ነው። ወደ ታች ሲያይ የውሃ ቦቴዋ ጎማ ከቦታዋ ሾልካ ወጥታ፣ ቁልቁል ተንከባላ፣ እማማ ብርነሽ ደጃፍ ላይ እንደ እንግዳ ቁጭ ብላለች።

ከዚህ በኋላ ያደረገውን ማንም ሰው በሱ ቦታ ቢሆን ያደርገው ነበር። ቤቱ ሮጠ፣ ጥሩምባዋን ከሚስማሩ ነጠቀ፣ እማማ ብርነሽ ደጅ ላይ ቆመ፣ ሳንባውን ሞላ፣ ነፋ። ቀጠለና ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ፤ "እማማ ብርነሽ! እማማ ብርነሽ! ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!"

አያችሁ ስህተቱን? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጥሩምባው በኋላ የሚመጣው የሟች ስም ነው። ሰዉ ስሙን ሰማ፤ ከስሙ በኋላ ማንም ምንም አይሰማም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ለቅሶ ብቻ ነው።

"ወይኔ እማማ ብርነሽ!" አለች አንዷ ከላይኛው ቅያስ። "ወይኔ እናቴ!" አለች ሌላዋ ከታች። በሮች ተከፈቱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ጣል አድርገው ወረዱ። ይወርዳሉ እንጂ አይወጡም! የቡሽራ ሚስት አይሻ ከሁሉም ቀድማ ደረሰች፣ ደረቷን እየመታች፤ "የሰፈሩ ምሰሶ! የመከራችን መጠጊያ! ማን ይቆጣን እንግዲህ?" ስድስት ጎረምሶች የእድሩን ዕቃ ቤት ከፍተው ድንኳኑን አወጡ። እድሩ በምንም ነገር ፈጥኖ አያውቅም፤ ድንኳን በመትከል ግን የሚደርስበት የለም። ስብሐት "ኧረ አይደለም! ኧረ ስሙኝ!" እያለ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሮጥ፣ ሰዉ "አይዞህ፣ ለአንተም እንደ እናት ነበሩ" እያለ አቀፈው። በሩብ ሰዓት ውስጥ ድንኳኑ ቆመ፣ አግዳሚው ተደረደረ። የት? እማማ ብርነሽ ደጅ ላይ፤ ያበጠው ግንብ ሥር። ቅድም ሰባት ቤተሰብ የነበረበት ቦታ አሁን ሰማንያ ሰው ተቀመጠበት።

ይህን ጊዜ በሩ ሲገፋ ተሰማ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ በሦስተኛው በትከሻ። እማማ ብርነሽ እንዝርታቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ።

"ማነው የሞተው?"

አይሻ ጩኸቷን ለቀቀችው። ሁለት ሰዎች ከአግዳሚው ወደቁ። ቡሽራ ጨርቁ እስኪረጥብ ያለቀሰበትን መሐረብ ኪሱ ከትቶ "እማማ... እ... ማለቴ... እርስዎ አልሞቱም እንዴ?" አለ።

"እኔን? ማን ገደለኝ?"

ሰማንያ ጣት ስብሐት ላይ ተቀሰረ።

አቶ ቶማስ መዝገባቸውን በብብታቸው እንደያዙ ከሰዉ መሐል ወጡ። ጥሩምባውን እንደሰሙ፣ ጫማቸውን ሳያስሩ፣ የእማማ ብርነሽን ስም በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው ጎኑ ላይ ቀኑን ጽፈዋል። አሁን ፊታቸው ከእስክሪብቶው ቀልቷል።

"ያለ ሞት ጥሩምባ የነፋ ይሰናበታል። አንቀጽ ዘጠኝ። አምጣ!" አሉና ጥሩምባዋን ተቀበሉት። መዝገቡን ለቡሽራ አስያዙና የስንብቱን ደብዳቤ ሊጽፉ፣ ማኅተሙ ወዳለበት ወደ ዕቃ ቤቱ ገብተው በሩን ዘጉ።

ስብሐት ባዶ እጁን ቀረ። ሃያ ሁለት ዓመት የነፋት ጥሩምባ ሄደች፤ ግን በዚያ ሰዓት እሷን አላሰባትም። ያሰበው ከጀርባው ያለውን ነው። አግዳሚ ላይ ወጣና፣

"ግንቡ ሊፈነዳ ነው!" አለ። "ለዚህ ነው የነፋሁት። ተነሱና ወደ ላይ፣ ወደ ኳስ ሜዳው እንውጣ!"

"አንተ የሠራኸው አይደለም እንዴ? ለልጅ ልጅ ይተርፋል ያልከው?" አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ሆነ።

አሁን ጥፋቱን መናገር ነበረበት። በሕዝብ ፊት የፎከረባት ግንብ ናት፣ ለእንግዳ የሚያሳያት፣ ሲያልፍ ሰላም የሚላት። ዋጥ አድርጎ፣ "ተሳስቻለሁ" አለ። "ውሃ መውጫ አላበጀሁለትም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ጎማ እንደማውቅ ታውቃላችሁ፤ ይህ ጎማ ዛሬ ይፈነዳል።"

ሳቁ ቆመ። ስብሐት ስህተቱን ሲያምን ያየ ሰው በሰፈሩ አልነበረም፤ ጽጌረዳም ጭምር። ሰዉ ወደ ግንቡ ዞረ። ቢጫ ጭቃ እየተፋ ነው።

"እሺ፣ እንሂድ" አለ ቡሽራ። "እማማ ብርነሽ፣ ይነሱ።"

እማማ ግን ተመልሰው ገብተው በሩን ዘግተዋል። ከውስጥ መወርወሪያው ተጥሏል።

"እኔ ከቤቴ የምወጣው አንዴ ነው፤ ያንን ደግሞ ዛሬ ጠዋት አበላሻችሁብኝ!" አሉ ከውስጥ።

እሳቸውን ጥሎ መሄድ ደግሞ የማይታሰብ ነው። ሰማንያ ሰው የስንት ዓመት ጉርብትናውን ጥሎ፣ አንዲት አሮጊት ገደል ሥር ትቶ ሜዳ ላይ ይቆማል? ሰዉ ቆመ። ማንም አይሄድም። እማማ ብርነሽ ካልወጡ ማንም አይወጣም።

ስብሐት ወደ መስኮቷ ተጠጋ። ምን ይበል? ስለ ስንጥቅ ነግሯቸዋል፤ ስለ ውሃ ነግሯቸዋል፤ ሰምተውታል፣ አልሰሙትም። የሚለውን ሲፈልግ ከውስጥ ድምፅ መጣ።

"ስብሐት።"

"አቤት እማማ።"

"ቅድም 'የሰፈሩ ምሰሶ' እያለች ያለቀሰችው ማናት?"

"አይሻ ናት።"

"ደህና ታለቅሳለች። ሚስትህስ? የሷን ድምፅ አልሰማሁም።"

"ጽጌረዳ... ገና ጫማዋን እያሰረች ነበር።"

"ልብ ብያለሁ። ያ ቢኒያም አናጢውስ?"

"ሲያለቅስ አይቼዋለሁ፤ እውነቴን ነው።"

"ያልቅስ! በሬን አበላሽቶ!" እንዝርታቸውን ሲያሾሩ ተሰማ። "ሰው ስንት ነው?"

"ሰማንያ ይሆናል። የላይኛው ቅያስ ሰዎች ገና እየመጡ ነው።"

"ለእኔ?"

"ለእርስዎ።"

በዚህ ጊዜ ነው የስብሐት ጭንቅላት ውስጥ አረፋ ብቅ ያለችው፤ ቀዳዳዋን አገኛት።

"እማማ፣ ሰው የራሱን ለቅሶ ሰምቶ አያውቅም" አለ። "እርስዎ ግን ዕድል አግኝተዋል። እዚህ ግን አይመችም፤ ጠባብ ነው፣ የላይኛው ቅያስ ሰው መቀመጫ የለውም። ድንኳኑን ኳስ ሜዳው ላይ እንትከለው። እርስዎ መሐል ላይ ቁጭ ይላሉ። ሁሉም በተራ ያለቅሳል። ያጎደለውን ያርማሉ።"

ከግንቡ አንድ ነገር "ጧ!" አለ። ስብሐት አልዞረም።

"ጽጌረዳም ታለቅሳለች?"

"ከሁሉም ቀድማ!"

"በወንበሬ የምትወስዱኝ ከሆነ" አሉ እማማ ብርነሽ። መወርወሪያው ተነሳ።

አራት ሰዎች እማማ ብርነሽን ከነወንበራቸው ከነእንዝርታቸው አነሱ። ከአራቱ አንዱ ቢኒያም ነበርና እስከ ሜዳው ድረስ ስለ በሩ ተሰደበ። እንዲህ አድርጎ "አስከሬኑ" ሲነሳ፣ ስብሐት እንዳሰበው፣ ማንም ማንንም መለመን አላስፈለገውም። አንድ የእድር ሰው ቀብር ሲወጣ ተቀምጦ መቅረትን አያውቅበትም፤ እግሩ ራሱ ይነሳል። ድንኳኑ ተነቀለ፣ አግዳሚው በትከሻ ወጣ፣ ሰባቱ ቤተሰቦች ፍራሽና ልጅ ተሸክመው ተከተሉ። ሰማንያ ሰው በጠባቧ ቅያስ ወደ ላይ ተሰለፈ፤ ሴቶቹ ከልማድ የተነሳ እያለቀሱ፣ እማማ ብርነሽ ከላይ ሆነው "ድምፅሽን ከፍ አድርጊው!" እያሉ።

ሜዳው ላይ ቡሽራ እንደ ደንቡ መዝገቡን ገለጠና ስም ጠራ። ቀብር ላይ የቀረ ይቀጣልና ስም መጥራት ግድ ነው። "አቤት"፣ "አቤት"፣ "አለሁ"፣ "አቤት"። የአቶ ቶማስ ስም ተጠራ። ዝም። ደግሞ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ሁልጊዜ ከፊት ስለሚሄዱ ሁሉም ከፊት ያሉ መስሎታል።

ያኔ ከታች፣ ከገደሉ ሥር፣ የጥሩምባ ድምፅ መጣ። ድምፅ ማለት ይከብዳል፤ ጉንፋን የያዘው በግ የሚያወጣው ነው። አቶ ቶማስ ደብዳቤያቸውን ጨርሰው፣ ማኅተም መትተው፣ ሊወጡ ሲሉ በሩ እንደ እማማ ብርነሽ በር ሆኖባቸዋል። በቡጢ መቱ፣ የሚሰማ የለም፤ በእጃቸው ያለችው ጥሩምባ ብቻ ናት።

ስብሐት ሮጠ። ጽጌረዳ "ስብሐት! ተው! ስብሐት!" አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ፤ እማማ ብርነሽም ሰምተው "ይኸው፣ ትችልበታለች" አሉ፤ ግን እሳቸውም አልሳቁም።

ስብሐት የጎማ መፈልቀቂያ ብረቱን በቤቱ በር ሲያልፍ አንስቷል። ዕቃ ቤቱ ደረሰ። የተጣመመው መቃን በሩን እንደ ጎማ ከንፈር ነክሶ ይዞታል። ብረቱን በጠርዙ ሰካ፣ ጉልበቱን አስደገፈ፣ አንዴ ከታች፣ አንዴ ከላይ፣ ሠላሳ ዓመት እንደሠራው። በሩ ተፈለቀቀ። አቶ ቶማስ በአንድ እጃቸው ጥሩምባ፣ በሌላው ወረቀት ይዘው ወጡ።

"ደብዳቤህ... ቁጥር ተሰጥቶታል..." አሉ እያለከለኩ።

"እየሮጥን እፈርማለሁ!"

ቅያሷን አጋምሰው ሳይጨርሱ ከኋላቸው መሬቱ እንደ ከባድ መኪና አቃሰተ። ከዚያ ሦስት መቶ ጎማ ተለቀቀ። ከታክሲው እስከ አይሱዙው፣ ከአይሱዙው እስከ ቦቴው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ትራፊክ የለ፣ ፍሬን የለ። ከኋላቸው ቀዩ አፈር መጣ። ዕቃ ቤቱ ታጠፈ። የእማማ ብርነሽ ቤት መጀመሪያ ተንበረከከ፣ ከዚያ የለም። ከጎኑ ያሉት ሁለቱ ቤቶች ግማሽ ግማሻቸውን ሰጡ። ሌሎቹ አራቱ በጭቃ ተሞልተው ቆሙ።

ሜዳው ላይ ሰማንያ ሰው ከአግዳሚው ተነሳ። እማማ ብርነሽ እንዝርታቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አዩ። አርባ ስድስት ዓመት የኖሩበት ቤት ነው። አይሻ መጥታ ከእግራቸው ሥር ቁጭ አለችና እጃቸውን ያዘች።

"የእኛ ጓዳ ለሁለት ይበቃል" አለች።

"ታንኮራፊያለሽ ይሉሻል" አሉ እማማ ብርነሽ።

"ቡሽራ ነው የሚያንኮራፋው!"

"እንግዲያስ እሱን ወደ ሱቁ አስወጪልኝ።"

ስብሐትና አቶ ቶማስ ጭቃ ለብሰው ብቅ ሲሉ ሜዳው በእልልታ ተናጋ። ጽጌረዳ ባሏን መጀመሪያ በጥፊ፣ ቀጥሎ በእቅፍ ተቀበለችው። አቶ ቶማስ ትንሽ እንዳረፉ የታሸገችውን ደብዳቤ አዩ፣ ስብሐትን አዩ፣ ወደታች ቅድም የተቀመጡበትን ቦታ አዩ።

"ቁጥር የተሰጠው ደብዳቤ አይቀደድም" አሉ። ሰዉ ሊያጉረመርም ሲል እጃቸውን አነሱ። "ሌላ ይጻፋል። ስንብቱ አንድ መቶ አሥራ አራት ነው፤ ሹመቱ አንድ መቶ አሥራ አምስት ይሆናል።" ጥሩምባዋንም በሁለት እጃቸው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው መለሱለት። "ይቺን ነገር... እንዴት ነው የምትነፋት? ከንፈሬ አብጧል።"

"ስም ጥራ እንጂ!" አለ ሰዉ ቡሽራን። ቡሽራ እንደገና ከላይ ጀመረ። አቶ ቶማስ "አቤት" አሉ። ስብሐት "አቤት" አለ። ሁሉም፣ ሁሉም "አቤት" አሉ። ቡሽራ የመጨረሻውን ገጽ ገለበጠና "ቀሪ የለም!" አለ።

"እንዴት የለም?" አሉ እማማ ብርነሽ። "እኔስ? አልጠራኸኝም!"

ቡሽራ መዝገቡን አየ። በቀይ ተሰርዘዋል፤ ቀኑም ተጽፏል። አቶ ቶማስ ወደ ሰማይ ተመለከቱ። ከዚያ ቀስ ብለው እስክሪብቶአቸውን አወጡ፣ ስረዛውን ሰረዙት፣ ጎኑ ላይ ፈረሙ።

"እማማ ብርነሽ!" ብሎ ጠራ ቡሽራ።

"አለሁ!" አሉ፤ ዊንጌት ድረስ የሚሰማ። ወደ ስብሐትም ዞረው ጣታቸውን ቀሰሩበት። "ስማ አንተ! ከዛሬ ጀምሮ ለመሬት ከሆነ ሦስቴ አጭር አጭር አድርገህ ንፋ። ለእኔ ሲሆን ግን ረጅሙን ነው፤ እንዳትሳሳት!" አሉና እንዝርታቸውን አንስተው ወደ ጽጌረዳ ተመለከቱ። "በይ፣ ያንቺ ተራ ነው። ጀምሪ።"